ዙሙን አሳጥሩት፣ ቡናውን ወንዝ ዳር አድርጉት

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር 20 የምንሆን ሰዎች ፖቶማክ ወንዝ ላይ ካያክ የሚባለውን ጠባብ ጀልባ የምንቀዝፍበት ክለብ አለን። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ስብሰባችን ወደ ዙም ሄዶ እዚያው ቀረ። ማክሰኞ ማታ 15 ሰው ይገባል፤ ቅዳሜ ወንዝ ዳር የሚመጣው ግን 5 ነው። ዙሙን እንዳንዘጋው የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩትና ሕፃናት ያሏቸው ይቀሩብናል። ምን ይሻላል?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ አትዝጉት፣ አሳጥሩት።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ባለታንኳዎቹ ከጣና ሲመለሱ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። ጨዋታው የሚደራው ያኔ ነበር። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንደተዳረች የምንሰማው ታንኳው እስኪንጠፈጠፍ ስንጠብቅ ነው። የፕላስቲክ ካያክ በፎጣ ይጠረግና መኪና ላይ ይታሰራል፤ 10 ደቂቃ አይፈጅም። ያንን የመጠበቂያ ጊዜ እኛው ልንፈጥረው ይገባል።

የእናንተው ነገር እኔ ባለሁበት ክለብም ደርሷል። የዙሙ ስብሰባ 2 ሰዓት ይፈጅ ነበር። ሰው የሳምንቱን ወሬ እዚያው ይጨርሰውና ለቅዳሜ የሚናፍቀው ነገር አይተርፈውም። አሁን ሐሙስ ማታ 30 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የምንነጋገረውም ስለ ቅዳሜው ጉዞ ነው። ነፋሱ እንዴት ነው? ፖቶማክ ላይ ያለው የሊትል ፎልስ መለኪያ የወንዙን ከፍታ ስንት ያሳያል? ጆርጅታውን ላይ ውሃው ከባሕሩ ሙላትና ጉድለት ጋር በቀን ሁለት ጊዜ ወደ 1 ሜትር ገደማ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ መቼ እንደሚሞላም እናያለን። ማርች ላይ አየሩ ሞቅ ሲል ብዙዎች ይታለላሉ፤ ውሃው ግን ገና ቀዝቃዛ ነው፣ የወደቀ ሰው ሳያስበው አየር ይስባል፣ ከአየሩም ጋር ውሃ። ምን እንደሚለበስ የምንማከረው ለዚህ ነው። ሁሉም አንድ ሰንጠረዥ እያየ ስለሚነጋገር፣ ይህ በስክሪን ሲሆን እንዲያውም ይሻላል። የሌሊት ተረኞቹም ከሥራ በፊት ገብተው ይሰማሉ።

የተገለበጠን ሰው ወደ ካያኩ መመለስ ግን እጅ ለእጅ ተያይዞ እንጂ በዙም አይለመድም። ጓደኛም እንደዚያው ነው።

ቡናውን በተራ አድርጉት፣ እንደ ጽዋ ማኅበር። እኛ ፍሌቸርስ ኮቭ፣ ወንዝ ዳር ያለችው የጀልባ መነሻችን፣ ስንወጣ አንዱ በፔርሙዝ ቡና፣ አንዱ ድፎ ዳቦ ይይዛል። ተረኛ ሰው አይቀርም፤ የሚጠብቀው ሰው አለዋ። መቅዘፍም ግዴታ አይሁን። ሕፃን ያላት እናት ጋሪዋን እየገፋች ለቡናው ብቻ ብትመጣ አባልነቷ ሙሉ ነው። በብርዱ ወራት ውሃ የማትገቡ ከሆነ፣ የሲ ኤንድ ኦ ቦይ የእግር መንገድ እዚያው አጠገብ ነው፤ አንድ ሰዓት ተራመዱና ቡናችሁን ጠጡ። እኔ በዚህ በኩል ድርድር አላውቅም፤ ለ4 ወር በስክሪን ብቻ የተያየ ክለብ በጸደይ ሰው ያጣል።

ለመጀመሪያው ቅዳሜ ተረኛዋ አንቺ ሁኚ። ዙም ገብተው ወንዝ የሚቀሩትን አሥሩን ደግሞ በቴሌግራም አትጥሪያቸው፤ አንድ በአንድ ደውዪላቸው፣ ምን እንዳስቀራቸውም ጠይቂያቸው።