መጀመሪያ ስካርፉን፣ ሸሚዙ ይደርሳል

እህቴ፣ «ሐይቅ ከተማ የጀመርነው የስካውት ቡድን ያለ ዩኒፎርም ሰልፍ መውጣት ይችላል? ዩኒፎርሙስ ለምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ይችላል፣ አብሽሪ። እኛ ደሴ ላይ ያየነውን አንቺ አትዪ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

1. ስካርፉን አስቀድሙ። የስካውት መሥራች ባደን ፓወል በ1907 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ብራውንሲ ደሴት ላይ የመጀመሪያውን ካምፕ ሲያደርግ የሀብታምና የሠራተኛ ልጆችን ነው የቀላቀለው። ያኔ የደንብ ሸሚዝ አልነበራቸውም፤ ካኪ ስካርፍና የናስ ባጅ ብቻ። የዩኒፎርሙ ቁም ነገር የማን አባት ነጋዴ፣ የማን እናት እንጀራ ሻጭ እንደሆነች እንዳይለይ ነው። «ያልለበሰ አይሰለፍ» የሚል ወላጅ ይመጣብሻል። በፍጹም እሺ እንዳትዪ! መግዣ ያጣው ልጅ ጥግ ቆሞ ካየ ልብሱ ምን ሊሠራ ነው?

2. ከማሰፋታችሁ በፊት የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ፣ ግልባጩ ለቀበሌና ለፖሊስ ይድረስ። ካኪ ነገር ነውና ጥያቄ ያስነሳል። እኛን አንድ ቢሮ ያለ ኃላፊ ልጆቹ ፊት «ይሄ የማን ልብስ ነው? ማን ፈቀደላችሁ?» ብሎ ጮኸብን። ቁጭ በሉ እንኳ አላለም። በዚያ የደሴ ብርድ ሕፃናቱን ደጅ አቁሞ «ስብሰባ ነው፣ ነገ ኑ» አለን። እስካሁን ያንገበግበኛል። በማግስቱ ከልጆቹ ትንሹን ይዤ ገባሁ። ልጁ ምንም ሳይናገር ስካርፉን ከአንገቱ ፈታ፣ ዘርግቶ ሦስት ማዕዘኑን አሳየ፣ የእኔን ክንድ አጥፎ ከያዘ በኋላ ጫፎቹን ማጅራቴ ላይ ቋጠረ። ክንዴ ንቅንቅ አላለም። «የተሰበረ ሰው ሐኪም ቤት እስኪደርስ እንዲህ ነው» አለው። ሰውዬው ዝም ብሎ ማህተሙን መታ። በዚያ ልጅ የኮራሁትን ኩራት በሰልፍ ቀን እንኳ አልኮራሁም።

ደግሞ ጨርቁን ራሳችሁ ከአንድ ጣቃ ግዙ። የኛ ልብስ ሰፊ ቀብድ ተቀብሎ ጨርቁ ሲያልቅበት ሌላ ቀለም ቀላቀለበት፤ ቀብዱንም አልመለሰም። መጀመሪያ ቁራጩን ዘፍዝፋችሁ እዩት፣ ቀለም የሚለቅ ካኪ አለ። ሂጃብ ለሚያደርጉት ሴቶች ልጆች ከስካርፉ ቀለም ጋር የሚሄድ ሂጃብ ይሰፋላቸው፣ ስካርፉን ከላይ ያስሩታል፤ እኛ ጋ አምሮባቸዋል። እጅጌውና የሱሪው ጫፍ ላይ ሦስት ጣት ትርፍ አስተዪ፣ በዚህ ዕድሜ ቶሎ ነው የሚያጥራቸው። የደብዳቤውን ቅጂ ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።