በጨለማውስ ቆጥራችኋል?

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የገፋሁት ባዮሎጂ በማስተማር ነው። ስለ ወፍ ጥናት ስትጠይቁኝ መጀመሪያ የምነግራችሁ የራሴን ስህተት ነው።

አርባ ምንጭ ሳለሁ ከከተማ ወጣ ባለ ጥርጊያ መንገድ ላይ ናይትጃር እቆጥር ነበር። ወፍ ናት እንጂ የሌሊት ወፍ አይደለችም። ቀን መሬት ላይ ተለጥፋ ስትተኛ ከደረቅ ቅጠል አትለይም። ማታ አቧራው ላይ ቁጭ ትላለች፤ የባትሪ ብርሃን ሲያርፍባት ዓይኗ እንደ ፍም ይበራል። የእሳት እራት በላይዋ ሲያልፍ ብድግ ትልና አፏን ከፍታ ትቀልበዋለች። ክንፏ ድምፅ የለውም።

እኔ ግን የምወጣው ሙሉ ጨረቃ ስትሆን ብቻ ነበር፤ መንገዱ ስለሚታየኝ። ደብተሬ ላይ «በጨረቃ ይበዛሉ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ አየውና «በጨለማውስ ቆጥረሃል?» አለኝ። ዝም አልኩ። የበዙት ወፎቹ ናቸው ወይስ እኔ ያየኋቸው? በምን አውቃለሁ?

በሌሊት የሚሰደዱ ብዙ ትንንሽ ወፎች በጨለማም ይጓዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካዊው የወፍ ተመራማሪ ጆርጅ ላውሪ ቴሌስኮፑን ሙሉ ጨረቃ ላይ አነጣጥሮ በፊቷ የሚያልፉትን ይቆጥር ነበር። ጨረቃ ለእሱ መስኮት ሆነችለት እንጂ ወፎቹን ያስነሳቻቸው እሷ አልነበረችም።

ናይትጃር ግን በዓይኗ ነው የምታድነው፣ ለእሷ ብርሃኑ እንጀራዋ ነው። በስዊድን ተመራማሪዎች ናይትጃሮች ላይ ትንንሽ መመዝገቢያ አስረው ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 እንደታተመው፣ ጨረቃ ባለችበት ሌሊት አደናቸው ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። ሙሉ ጨረቃ ካለፈች ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ደግሞ፣ ስንቃቸውን በሆዳቸው ቋጥረው፣ በአንድ ሰሞን ለስደት ይነሳሉ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ጥቁር ስዊፍት የሚባሉት ወፎች ነገር ነው። ከሰሜን አሜሪካ ወደ አማዞን ይሻገራሉ። እዚያ በሙሉ ጨረቃ ሌሊት እስከ 4,000 ሜትር ከፍ ብለው ይበራሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ጨረቃ በግርዶሽ ስትጋረድ ወደ ታች ወረዱ። ሌሊቱ ያው፣ ወፎቹ ያው፤ የተለወጠው ብርሃኑ ብቻ። የእኔ ደብተር ያጣው ይሄንን ማወዳደሪያ ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ በጨረቃም በጨለማም ውጡ። መንገዱም፣ ሰዓቱም፣ ባትሪውም አንድ ይሁን። ደመና ካለ መዝግቡ። ምንም ካላያችሁ «ዜሮ» ብላችሁ ጻፉ፣ ገጹን ባዶ አትተዉት። ጨረቃ የማትወጣበትን ሌሊት አስቀድሙ፤ ጋቢ ያዙ፣ ብቻችሁንም አትሂዱ።