የጣና ዓሣና ባዜቃ፦ ጥያቄ ለመምህር

የዓሣ ሀብት መምህራችን ዛሬ ማምሻውን ከጎንደር ጥያቄ ይቀበላሉ። ርዕሱ የአየር ንብረት ሲለወጥ ባዜቃ (ሜርኩሪ) በዓሣ ውስጥ ለምን እንደሚበዛ ነው።

የአዘዞዋ፦ መምህር፣ ዓሣ መብላት እናቁም?

መምህር፦ የትኛውን ዓሣ? ምን ያህል የሚያክለውን? ዝርያና መጠን ሳትነግሩኝ አትጠይቁኝ።

የማራኪው፦ ጎርጎራ ላይ ፋብሪካ አላየሁም። ባዜቃው ከየት ይመጣል?

መምህር፦ ይህ ጥያቄ ነው! የድንጋይ ከሰል ሲነድና ወርቅ በባዜቃ ሲለይ እየተነነ አየር ላይ ይወጣል፤ ለወራት ተንሳፍፎ ማዶ አገር ይወርዳል። ጣጣው ግን የሚጀምረው ጭቃው ውስጥ ነው። ኦክስጅን ያጣ ደለል ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባለው፣ ሰውነት ውስጥ ወደሚጠራቀመው መርዝ ይለውጡታል። አልጌ ይይዘዋል፣ አልጌውን ጥቃቅን ነፍሳት፣ እነሱን ትንሽ ዓሣ፣ ትንሹን ትልቁ ይበላል፤ በየደረጃው ይጠራቀማል። ጎርጎራ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ዓሣ (ባርበስ) ሲቀደድ ቆሜ አይቻለሁ። ከሆዱ ሦስት ትንንሽ ዓሦች ወጡ፤ የአንዷ ቅርፊት ገና ያበራል። እነዚያ ያጠራቀሙት ሁሉ ሊወርሰው ነበር። ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ገሚሱ እንዲህ አዳኝ ነው፤ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ግን አልጌ ስለሚበላ ሸክሙ ቀላል ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ሲለካም ከቆሮሶ ይልቅ ነጭ ዓሣ ላይ በዝቶ ተገኝቷል።

አሁን ሙቀት ጨምሩበት። ባክቴሪያው ይፈጥናል፣ ሙቅ ውሃ ኦክስጅን አይበረክትለትም፣ ዓሣውም ጉልበቱ ቶሎ ስለሚያልቅ አብዝቶ ይበላል። ከባድ ዝናብ ሲጥል እንደ መገጭ ያለ ወንዝ አፈሩንና ብስባሹን ጠርጎ ያወርዳል፤ ብስባሹ ለባክቴሪያው ቀለብ ነው።

የፒያሳው፦ ሎሚ ብንጨምቅበትስ?

መምህር፦ አይለቅም። ሥጋው ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቋል። መጥበስም፣ መቀቀልም፣ ቆዳ መግፈፍም አያወጣውም። ትልቁን አዳኝ ዓሣ አታዘውትሩ።

የአዘዞዋ፦ እኛ ዘንድ ለነገሩ በጾም ዓሣ አይበላም።

የቀሃው፦ ማን ከለከለ? አባቶች ይበሉ ነበር።

የአዘዞዋ፦ የማን አባቶች? የእኔ አያት ሽታውንም አያስጠጉም ነበር።

መምህር፦ ይህን ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት።

የማራኪው፦ አዲስ ግድብ ሲሞላ ዓሣው ይበከላል የሚባለውስ?

መምህር፦ እውነት ነው። ውሃ የዋጠው ሣርና አፈር ሲበሰብስ ለባክቴሪያው ድግስ ይሆንለታል። በካናዳ ግድቦች አዳኝ ዓሦች ላይ ወደ ቀድሞው መጠን ለመመለስ ከ20 እስከ 30 ዓመት የወሰደበት አለ።

የደንቢያዋ፦ እህቴ ነፍሰ ጡር ናት።

መምህር፦ እንኳን ጠየቅሽ፣ ልጄ። የሚጎዳው የጽንሱ አንጎል ነው። ትልቅ አዳኝ ዓሣ ትተው፤ ትንንሽ ቆሮሶ ትብላ። የገባው ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከማርገዟ በፊት መጀመር ነበረበት።

የፒያሳው፦ እምቦጭስ?

መምህር፦ ሌላ ቀን።

የቀሃው፦ ሎሚው ቢበዛስ፣ መምህር?

መምህር፦ ሎሚ አይለቅም! ጣዕሙን ያሳምራል፣ በቃ።

የሸንበቆው፦ አሁን የመጣሁ ነኝ። ዓሣ እንብላ ወይስ አንብላ?

መምህር፦ ዝርያውን። መጠኑን።