የጦጣ ሰገራ መመርመር ሥራ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከሰበታ ነው። ጠያቂያችን በሜዲካል ላብራቶሪ ዲግሪ ይዛ ሥራ ካጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከከተማው ወጣ ብሎ ጦጣና ጭላዳ የሚጠለሉበት ግቢ የላብራቶሪ ባለሙያ ይፈልጋል። «እናቴ ‹ያስተማርኩሽ የጦጣ ሰገራ እንድታዪ ነው?› ትለኛለች። የእንስሳት ሐኪምም አይደለሁም። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ብላለች።

እህቴ፣ ግቢ።

መድኃኒት የሚያዘው ሐኪሙ ነው። አንቺ የምትፈለጊው ለማይክሮስኮፑ ነው። እዚያ የምታገኚው ደግሞ አብዛኛው የምታውቂው ነው። አሜባና ጃርዲያ ጦጣንም ይይዛሉ። ሁለቱም ጫፏ በቡሽ የተወተፈ የምትመስለው፣ የሎሚ ቅርጽ ያላት የትሪኩሪስ፣ የአንጀት ትሉ፣ እንቁላል እዚያም አለች። አዲስ የሚሆንብሽ ምናልባት ባላንቲዲየም የሚባለው ባለ አንድ ሕዋስ የአንጀት ተውሳክ ነው። ትልቅ ነው፤ ዙሪያውን በጥቃቅን ፀጉር ተሸፍኖ እየተሽከረከረ ሲሄድ አንዴ ካየሽው አትረሺውም።

ከባክቴሪያ ሺጌላን ፍሪ። ተይዘው የሚኖሩ ጦጣዎችን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያስይዛቸዋል። ጤነኛ የምትመስል ጦጣ ተሸክማው ትቆይና፣ ቦታ ስትቀይርና ስትጨነቅ ይነሳባታል። እስቲ አስቢው፤ ወገቧ በገመድ ታስሮ፣ ከመንገደኛ እጅ ብስኩት እየተቀበለች ያደገች ጦጣ በሽታውን ከማን አመጣችው? ከእኛ ነው። ቲቢም ከሚያስል ሠራተኛ ይይዛቸዋል። ከእነሱም ወደ ሰው ይመለሳል። ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው። የጦጣዋን ሰገራ ስታዪ ምግብ የሚያቀርብላትን ልጅም እየጠበቅሽ ነው።

ቃለ መጠይቁ ላይ አንቺም ጠይቂ። ማይክሮስኮፑ እዚያው ግቢ ነው ወይስ ናሙናው አዲስ አበባ ይላካል? ቀጭን ተቅማጥ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልታየ የአሜባው እንቅስቃሴ እንደሚያመልጥሽ ታውቂያለሽ። በግማሽ ሰዓት ደግሞ መኪናው የአለም ገናን መጨናነቅም ላያልፍ ይችላል። አዲስ የገባ እንስሳ ለብቻው ይቆያል? ሠራተኛው የቲቢ ምርመራ ይደረግለታል? ጓንትና ቦት ጫማ አለ? መልሳቸው «እሱ ቀስ እያለ ይስተካከላል» ከሆነ፣ እኔ ብሆን እስኪስተካከል አልፈርምም።

እስከዚያው ቢሾፍቱ ውረጂ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ እዚያ ነው። ፓራሳይት የሚያስተምሩትን አግኝተሽ፣ ጥቂት ቀን አብሬያችሁ ስላይድ ልይ ብለሽ ለምኚ። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ የራስሽን ሰገራና ደረት አስመርምሪ።