የተሸበሸበ፣ የተጣመመ፣ የተሰነጠቀ እንቁላል፦ የቱ ይበላል? ምንስ ይሠራበታል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ዶሮ የምታረባው ጎረቤትሽ ሱቅ የማይቀበላትን እንቁላል በቅናሽ ትሰጥሻለች። አንዳንዱ ተሸብሽቧል፣ አንዳንዱ ጫፉ ሾሏል፣ ጠጠር የመሰለ ነገር የወጣበት አለ፣ ጥቂቱም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለው። አማትሽ ደግሞ «የታመመ ዶሮ እንቁላል ነው፣ ለልጆቹ እንዳትሰጪ» ብለዋል። ይበላል ወይ? ከተበላስ ምን ልሥራበት? ነው ያልሽው።

እኔ ግቢዬ ውስጥ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ቆንጆ ቆንጆው ይሸጣል፣ ሱቅ የሚመልሰው እኛ ቤት ይበላል። ልጆቼ ያደጉት በዚሁ ነው። ስለዚህ ከልምዴ ልንገርሽ፦ ከሁሉ በላይ መፍራት ያለብሽ ስንጥቁን ነው።

የቀረው መልክ ነው። እንቁላሉ ዶሮዋ ሆድ ውስጥ አንድ ቀን ገደማ ይቆያል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ የሚያልፈው ቅርፊቱ ሲሠራ ነው። በዚያ መሀል ውሻ ቢያስደነግጣት ወይም ቤቱ ጠቧት እየተገፈታተረች ብትውል፣ እንቁላሉ ወገቡ ላይ ቀለበት የመሰለ ነገር ይዞ ሊወጣ ይችላል። ጠጠሩ ትርፍ ካልሲየም ነው። ዶሮ ስታረጅ ደግሞ ቅርፊቷ እየሳሳ ይሄዳል። መጣል የጀመረች ቄብ ትንንሽ ትጥላለች፤ አንዳንዴም ሁለት አስኳል ያለው ይወጣታል። እኛ ቤት ሁለት አስኳል የደረሰው ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲኩራራ ነው የሚውለው።

አማትሽ ግን ዝም ብለው አልተናገሩም። ዶሮዎች ኢንፌክሽየስ ብሮንካይትስ የሚባለው የመተንፈሻ በሽታ ሲይዛቸው ቅርፊቱ ይሸበሸባል፣ ነጩም እንደ ውሃ ይቀጥናል። ይሄ በሽታ ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚያሳስበው ለታመሙት ዶሮዎች የሚሰጠው መድኃኒት ነው፤ እንቁላሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል። አንድ ሁለት የተሸበሸበ እንቁላል ከየትኛውም እርባታ አይጠፋም። በአንድ ሳምንት ግማሹ ተሸብሽቦ ከመጣ ግን ጎረቤትሽን «ዶሮዎቹ ደህና ናቸው? መድኃኒት እየወሰዱ ነው እንዴ?» ብለሽ ጠይቂያት። እየወሰዱ ከሆነ ሐኪሙ ያዘዘው የመቆያ ቀን፣ ማለትም መድኃኒቱ ከእንቁላሉ እስኪጠፋ የሚጠበቀው ጊዜ፣ እስኪያልፍ አትግዢ። ቅር የምትሰኝበት ነገር የለም፣ ደህና አርቢ ይሄን ታውቃለች።

ወደ ስንጥቁ ልምጣ። እንቁላሎቹን ስትቀበያት ሁለት ሁለቱን አንስተሽ በቀስታ አጋጫቸው። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው፣ ዓይንሽ ባያየውም ጆሮሽ ይለየዋል። ከዚያ ጣትሽን ስንጥቁ ላይ አሳልፊ። ደረቅ ከሆነ የውስጡ ስስ ሽፋን አልተቀደደም ማለት ነው። ይሄኛው ዛሬውኑ ከተበሰለ ችግር የለውም። ጣትሽ ከረጠበ ወይም ካጣበቀሽ ጣይው። ስንጥቁ ላይ ኩስ ካለበትም ጣይው፣ አትሰስቺ። መቼ እንደተሰነጠቀም ጠይቂ። ዛሬ ጠዋት ሲለቀም የተጋጨና ሱቅ ሦስት ቀን ተቀምጦ የተመለሰ አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን በነፃም አልወስደውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኩስ የነካውን ሙሉ እንቁላል አጥበሽ አታስቀምጪ። ቅርፊቱ ላይ የማይታይ መከላከያ አለ፤ ውሃ ያነሳዋል። በደረቅ ጨርቅ ጠርገሽ አስቀምጪና ልትሰብሪው ስትይ እጠቢው፣ ያውም በለብታ ውሃ። ቀዝቃዛ ውሃ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይስባል።

ስትሰብሪ እያንዳንዱን ለብቻ ስኒ ላይ ስበሪ። አንድ የገማ ገብቶ ድስቱን ሙሉ የሚያስደፋሽ ምን አለብሽ? ውሃ ውስጥ ከተሽው የተንሳፈፈ እንቁላል ሰንብቷል ማለት ነው፤ ሁሌ ግን ገምቷል ማለት አይደለም። የመጨረሻው ዳኛ አፍንጫሽ ነው። አስኳሉ ላይ የደም ጠብታ ካየሽ በማንኪያ ጫፍ አንሺው፣ የቀረው ይበላል። ትንሽ የደም ሥር ፈንድቶ ነው እንጂ ጫጩት መሆን ጀምሮ አይደለም። አውራ በሌለበት እርባታ ጫጩት ከየት ይመጣል? አስኳሉ ነጣ ማለቱም የመኖ ጉዳይ ነው። ቢጫ በቆሎና ቅጠል የምትበላ ዶሮ አስኳሏ ይደምቃል፣ ስንዴ የሚበዛባት ይነጣል።

አሁን ወጥ ቤት እንግባ። የተሰነጠቀውን በሙሉ ስልስ አድርጊው። እኔ ለ6 እንቁላል 2 ሽንኩርት አድቅቄ በዘይት አቁላላለሁ፣ ቀላ ሲል ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ 4 የበሰለ ቲማቲም። በርበሬ የሚወድ ቤት ከሆነ ግማሽ ማንኪያ ጣል ታደርጊበታለሽ። ቁም ነገሩ የቲማቲሙ ውሃ መምጠጡ ነው። በማንኪያ ድስቱን ስትጠርጊው የከፈትሽው መንገድ ቶሎ ካልተዘጋ፣ ዘይቱም ዳር ዳሩን ከወጣ፣ ደርሷል። ነጩ የቀጠነ እንቁላል ውሃ ባልመጠጠ ቲማቲም ላይ ሲገባ ሾርባ ይሆንብሻል። ብዙ ሰው «እንቁላሉ ነው መጥፎ» የሚለው እዚህ ጋ ነው፤ ጥፋቱ የቲማቲሙ ነው። እንቁላሉን በሹካ መትተሽ አፍሺበት፣ እሳቱን ቀንሺ፣ ትንሽ ሳትነኪው ተይው። ሥሩ ሲይዝ ከታች ወደ ላይ ገልበጥ ገልበጥ። ቃሪያና ጨው መጨረሻ ላይ። የተሰነጠቀ ስለሆነ የሚፈስ ነገር እንዳይቀርበት፣ ጠንከር እስኪል አብስይው። አስኳሉ የሚፈስ ጥብስ ካማረሽ ስንጥቅ የሌለውን ምረጪ።

ለመቀቀል የተሸበሸበውና የሾለው ይሆናል። ቅርፊቱ ከተላጠ በኋላ ማን ያውቀዋል? ዶሮ ወጥ ውስጥ ገብቶ ቀይ ከሆነ በኋላማ ጨርሶ። ቅርፊቱ ለሳሳው ግን ከቀዝቃዛ ውሃ ጀምሪ፣ የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ከከተትሽው ይፈነዳል። ዛሬ የተጣለ እንቁላል ሲላጥ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር ይነሳብሻል። ስለዚህ ለበዓል የምትቀቅይውን አንድ ሳምንት ቀደም ብለሽ ግዢ። አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ከመጣ እሳት በዝቶበታል፣ ሌላ ነገር የለውም።

ያደረ ዳቦ ካለሽ የቀረውን እንቁላል ከትንሽ ወተትና ጨው ጋር መትተሽ ዳቦውን ነክረሽ ጥበሺ። የልጆች ቁርስ ነው፣ ብዙ አልልበትም።

ጾም ሲገባ እንቁላል ይረክሳል፣ ጎረቤትሽም የምታደርስበት ታጣለች። ፍሪዘር ካለሽ ያኔ ግዢ። ስንጥቅ የሌለውን ሰብረሽ፣ አስኳሉንና ነጩን አዋሕደሽ፣ ቆንጠር አድርገሽ ጨው ጨምረሽበት በክዳን ዕቃ አስቀምጪ። ከነቅርፊቱ እንዳታስገቢ፣ ይፈነዳል። ቀኑን ዕቃው ላይ ጻፊ፣ ጾሙ ሲፈታ ለፍርፍርም ለኬክም ይደርስልሻል። በማግስቱ ልትጠቀሚበት ስትይ ማታ ወደ ፍሪጅ አውርጂው፣ ውጭ አታቅልጪው።

ኬክ ካልሽ አይቀር፣ የቄብ እንቁላል በቁጥር አትለኪ። «3 እንቁላል» የሚል አሠራር የሚያስበው ትልቁን ነው፣ አንዱ ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ገደማ። መትተሽ በሾርባ ማንኪያ ለኪ፤ ሦስት ማንኪያ ያህል የአንድ ትልቅ እንቁላል ቦታ ይይዛል።