ጥያቄና መልስ፦ ቀዩ መብራት፣ ማንደጃው እና ዝም የሚሉ አዛውንት

ደብዳቤዎቹ ከግንቦት ጀምሮ የተጠራቀሙ ስለሆኑ የድሬው ሰው ስለ ወበቅ፣ የሐረሩ ስለ ብርድ ቢጠይቅ አይግረማችሁ። ሁሉም የሚዞሩት በጣም ያረጁ ወላጆችንና አያቶችን በማሞቅ ዙሪያ ነው። የረዘሙትን አሳጥሬያለሁ፤ ስድብ ያለባቸውንም አጽድቻለሁ።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ጁገል ውስጥ)፦ አያቷ 94 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው አያይም፤ የመርሳት ሕመሙ ከጠናባቸው ወዲህ ንግግራቸውም ከስንት አንዴ ነው። ቀኑን ሙሉ ነደባው (የሐረር ቤት መደብ) ላይ ጋደም ብለው ይውላሉ። ውጭ አገር ያለች የአክስቷ ልጅ ቀይ የኢንፍራሬድ መብራት ልካ «ፊታቸውና እጃቸው ላይ አብሪላቸው፣ ይነቃቃሉ» ብላታለች። ምን ያህል አርቃ፣ ለስንት ሰዓት ታብራላቸው?

መልስ፦ ሰዓቱን እንርሳውና በደቂቃ እንነጋገር።

ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ዓይንና ጆሮ ሲደክሙም ሙቀትና ዳሰሳ ለሰው ይደርሳሉ። በሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ «ስኑዘለን» የሚባል አሠራር የተጀመረው ከዚሁ ተነስቶ ነው፤ በለስላሳ ብርሃን፣ በመዓዛና በዳሰሳ ሰውን ማነቃቃት። መጀመሪያ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ነበር፤ በኋላ የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያንም ዋለ። በዚያች ሰዓት ሰውየው ፈታ ሊል፣ ፈገግ ሊል ይችላል። ሕመሙን ይመልሳል የሚልሽ ካለ ግን አትስሚው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቆዳችን ውስጥ ከ43 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ «አቃጠለኝ» የሚል መልእክት የሚልክ ተቀባይ አለ። ሚጥሚጣ ሲለበልበን የሚቀሰቀሰውም እሱ ነው፤ ይህን የደረሰበት ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። 44 ዲግሪ ላይ ለ6 ሰዓት ያህል የቆየ ቆዳ ይቃጠላል፤ ከዚያ በላይ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ያህል ያጥራል። ይህ እንግዲህ የጤነኛ ጎልማሳ ቆዳ ነው። የአያትሽ ሳስቷል፤ ደማቸው ሙቀቱን ጠርጎ የሚወስድበት ፍጥነት ቀንሷል፤ መልእክቱም ዘግይቶ ነው የሚደርሳቸው። ቢደርሳቸውስ? «አንሺልኝ» ለማለት አፍ፣ ለመሸሽ ጉልበት ይጠይቃል። «ዝም ካሉማ ተመችቷቸዋል» የሚባለውን በየቤቱ እሰማለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም እናደዳለሁ። መናገር ያቆመ ሰው ተመችቶትም ዝም ይላል፣ እየተቃጠለም ዝም ይላል።

ስለዚህ ፊታቸው ላይ አታብሪ። ዓይናቸው ባያይም ይደርቃል፣ ይጎዳል። እጅና ክንድ ይበቃል። መብራቱን ከጎን አቁሚው እንጂ ከላይ አታንጠልጥይው፤ ቢወድቅ ወይም ቢፈነዳ የሚያርፈው እሳቸው ላይ ነው። ከአንድ ሜትር አታስጠጊው፤ ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሺ ሙቀቱ እስከ አራት እጥፍ ሊጨምር ስለሚችል «ትንሽ ላስጠጋላቸው» የሚባል ነገር የለም። አምባርና ቀለበታቸውን አውልቂ፤ ብር ይግላል፣ ከሥሩ ያለውን ቆዳም ይልጣል። አምባሬን አላወልቅም ካሉ (የሐረር እናት ትላለች) የዚያን ቀን መብራቱ ይቅር። ቅባትና የሚያቃጥል ማሻሻ ካለ እጠቢው።

የራስሽን ክንድ ከክንዳቸው ጎን አድርጊና እስክታጠፊው ድረስ አታንሺው። አንቺን ለብ ካለሽ ልክ ነው። «ሞቀኝ» ካልሽ ለእሳቸው በዝቷል። 5 ደቂቃ፤ ቢበዛ 10። መቅላት በጠይም ቆዳ ላይ በደንብ ስለማይታይ ካጠፋሽ በኋላ በዓይንሽ ብቻ አትፈልጊው፤ በእጅሽ ጀርባ ዳስሺው። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ከዙሪያው ይልቅ የሚግል ወይም ያበጠ ቦታ ካገኘሽ መብራቱን ወደ ካርቶኑ መልሺው።

5 ደቂቃ ያልኩት ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ቆዳ ለስላሳ ሙቀትን ይለምዳል፤ ከ30 እስከ 36 ዲግሪ ባለው መካከል ጥቂት ከቆየ ጭራሽ አይሰማውም። ሰውን ቀና የሚያደርገው የሙቀቱ መምጣትና መሄድ ነው። ሰዓት ሙሉ ብታበሪላቸው አደጋው ይጨምራል፣ መነቃቃቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አልቋል።

ከማብራትሽ በፊት ማን እንደሆንሽና ምን ልታደርጊ እንደሆነ ንገሪያቸው፤ የማያይ ሰው ድንገት ሲሞቀው ይደነግጣል። ሬዲዮውን ዝጊ፣ እጣኑም ይቆይ፤ ሁሉ ባንዴ ሲመጣ ግራ ይጋባሉ። ግንባራቸው ከተኮሳተረ፣ እጃቸውን ከሰበሰቡ፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ «ይብቃኝ» እያሉሽ ነው።

እኔን ከጠየቅሽ ግን ከመብራቱ በፊት ሌላ እሞክር ነበር። በሁለት እጃቸው የሚያቅፉት ለብ ያለ የቁቲ (የቡና ቅጠል መጠጥ) ስኒ፣ በአንቺ እጅ ተደግፎ። ወይም በሞቀ መዳፍሽ ከእጅ አንጓቸው እስከ ክርናቸው ቀስ ብሎ ማሻሸት፤ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ለሚሄድ ለስላሳ ዳሰሳ ብቻ የተመደቡ የሚመስሉ ነርቮች ክንዳችን ላይ አሉ። ይህኛው አያቃጥልም፤ በዚያ ላይ እጅሽን ትተሽላቸው ወደ ጓዳ መሄድ አትችይም።

ስኳር፣ የልብ ድካም፣ የደነዘዘ ወገን ካላቸው ወይም ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የሕመም ማስታገሻ ከተላከላቸው መብራቱን ያለ ሐኪም ፈቃድ አትሰኪው። የሚለጠፈው መድኃኒት ሲሞቅ ከልኩ በላይ ወደ ደም ይገባና ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ጥያቄ (ስም የለውም)፦ ቀዩ አምፑል ይሻላል ወይስ ነጩ? ጨረሩስ ካንሰር አያመጣም?

መልስ፦ የሚያሞቀው በዓይን የማይታየው ክፍል ነው፤ ቀዩ ዓይን ስለማይወጋ ብቻ ይመረጣል። ጨረሩ እንደ ራጅ አይደለም፤ ለጥቂት ደቂቃ ከሆነ አትስጉ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ 88 ዓመት የሆናቸው አባታቸው በግንቦት ቀትር «በረደኝ» ይላሉ። ቴርሞሜትሩ 35 ያሳያል። መብራቱን ያብሩላቸው?

መልስ፦ አቦ፣ በ35 ዲግሪ! አየሩ የቆዳን ያህል ከሞቀ በኋላ ሰውነት ሙቀት የሚያስወጣው በላብ ብቻ ነው፤ አዛውንት ደግሞ ትንሽ ነው የሚያልባቸው፣ ውኃም ቶሎ አይጠማቸውም። ነጠላ ደርቡላቸው፣ ውኃ አጠጧቸው፣ ማነቃቃት ከፈለጉ እርጥብ ፎጣ መዳፋቸው ላይ ያድርጉ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ለአንዱ የተሰጠ ምክር ለሌላው አይሆንም። በዚያ ሙቀት የሚበርደው ሰው ደም ማነስ፣ የእንቅርት ችግር ወይም ኢንፌክሽን ሊኖረው ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይታዩ።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ሸንኮር)፦ ማታ ማታ የከሰል ማንደጃ አያታቸው አልጋ ሥር ያስቀምጣሉ፤ መስኮቱም ይዘጋል። ጭሱ ካለቀ በኋላ ስለሚያስገቡት ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው። ዛሬ ማታ አያስገቡት። ጭስ የሌለው ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ደም ላይም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ያመጣል፤ ተኝቶ ለሚውል አዛውንት ደግሞ እነዚህን «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ጠዋት ሁላችሁንም ራሳችሁን ካመማችሁ ሰበቡን አትፈልጉ፤ በሩን ከፍታችሁ ውጡ፣ አያትንም ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱ። ንጹሕ አየር ብቻውን የጋዙን ግማሽ ከደም ለማውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። «ስንት ዓመት ስናደርገው ምንም አልሆንን» የሚል መልስ እንዳትጽፉልኝ። የጻፉት ያልሞቱት ናቸው።

ጥያቄ፦ ሃይላንድ ውስጥ የፈላ ውኃ ሞልታ እናቷ እግር ሥር ታደርጋለች።

መልስ፦ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል፣ ክዳኑ ይለቃል፣ የፈላው ውኃ እግር ላይ ይፈሳል። የጎማውን የሙቅ ውኃ ከረጢት ይግዙ፤ ሁለት ሦስተኛውን ያልፈላ ሙቅ ውኃ ሞልተው አየሩን ያስወጡ፣ በፎጣ ይጠቅልሉ። አልጋውን ያሙቁበትና እናትዎ ሲገቡ ያውጡት።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ)፦ አባቱ ስኳር አለባቸው። እግራቸው እንደ በረዶ ይሆናል፤ ኤሌክትሪክ ምድጃ አጠገብ ዘርግተው ሲያሞቁት ግን «ምንም አልተሰማኝም» ይላሉ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሱን ራሳቸው ነግረውሃል። የማይሰማው እግር እሳት አጠገብ አይዘረጋም፣ በምንም ርቀት። ከሐረር በስተምሥራቅ ያለው ቢሲዲሞ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ ሆስፒታል ነው፤ ለሥጋ ደዌ ታካሚ ከሚነገሩት ቀዳሚ ነገሮች አንዱ የደነዘዘ እጅና እግርን ከእሳትና ከትኩስ ዕቃ መጠበቅ ነው። በስኳር የተጎዳ ነርቭም ያው ነው። የሱፍ ካልሲ አልብሳቸው፤ ማታ ማታ በእግራቸው ጣቶች መሃልና ተረከዛቸው ላይ ቁስል መኖሩን በባትሪ እይ። የሚበርዳቸው የደም ሥር ጠብቦ ሊሆን ስለሚችል በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው። ቁስል ካየህ ግን ሳምንቱን አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምድጃ ሥር የተቀመጡ አያት ቅልጥማቸው ላይ እንደ መረብ ያለ ቡናማ ምልክት ወጥቷል፤ አያምም።

መልስ፦ ለዓመታት የተደጋገመ፣ ለማቃጠል ያልበቃ ሙቀት የሚተወው ምልክት ነው። ካሽሚር ውስጥ ፍም የያዘ ቅርጫት በልብሳቸው ሥር የሚታቀፉ ሰዎች ሆዳቸውና ጭናቸው ላይ ይወጣባቸዋል። ከእሳቱ ይራቁ፤ መረቡ ሊደበዝዝ ይችላል። እዚያው ላይ የማይድን ቁስል ወይም እብጠት ከመጣ ግን የቆዳ ሐኪም ግድ ነው፤ አልፎ አልፎ ወደ ካንሰር ይለወጣል።

ጥያቄ፦ እናቴን በመስኮት መስታወት ውስጥ የጠዋት ፀሐይ ባሞቃት ቫይታሚን ዲ ታገኛለች?

መልስ፦ ሙቀቱን ታገኛለች፤ ቫይታሚኑን የሚሠራውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።