የጅብ ቁጥር በጩኸቱ አይታወቅም

ወንድሜ፣ «እንጦጦ ሥር አዲስ ሰፈር ገብተናል። ሌሊት የሚጮኸው ጅብ መቶ ይሆናል። ቁጥሩ በምን ይታወቃል? መቀነስስ ይቻላል?» ብለሃል። ጩኸቱን አትመን። የጅብ ድምፅ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ይሰማል። ሦስት አራቱ ሲቀባበሉ መንጋ ይመስላሉ።

የሚሻለው በነጠብጣባቸው መለየት ነው። የእያንዳንዱ ጅብ ዝንጉርጉር እንደ ጣት አሻራ ነው፣ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ መተላለፊያቸው ላይ ይታሰራል። በመጀመሪያው ዙር 20 ጅብ ለየህ እንበል። በሁለተኛው 25 አገኘህ፤ ከነሱ 10ሩ የቀድሞዎቹ ናቸው። 20ን በ25 አባዝተህ ለ10 ስታካፍል 50 ገደማ ይመጣል። በመሃል ብዙ ከሞተ ወይም ከሌላ ቦታ ከመጣ ግን ስሌቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ ዙሮቹ ይቀራረቡ። ደግሞ የግራና የቀኝ ጎኑ ነጠብጣብ ይለያያል። ካሜራው አንድ ብቻ ከሆነ አንዱን ጅብ ሁለት ብለህ ልትቆጥረው ትችላለህ። ፊት ለፊት ሁለት እሰር።

መቀነሱን በተመለከተ፣ እባካችሁ መርዝ አታስቡ። ውሻውንም ጥንብ አንሳውንም ይጨርሳል። ምግቡ እስካለ ድረስ ደግሞ በሞተው ቦታ ሌላ ይገባል። እኛ ሰፈር ከበዓል በኋላ የበግ ፈርስና አጥንት ከአጥር ውጭ ይጣል ነበር። ጅቡ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ በራችን ላይ ይደርስ ነበር። ጉድጓድ ቆፍረን መቅበር ከጀመርን ወዲህ መምጣቱ በጣም ቀንሷል። በግና ጥጃ ካላችሁ ማታ ማታ ጠንካራ በረት ውስጥ አስገቡ።